ለአሮጌ ስፖርት መኪና የአልሙኒየም ፕሮፔለር ሻፍት፦ በሰሜን ሸዋ ሥራው የት ይሠራ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ቱርቦ የሌለው ቶዮታ ሱፕራ አለኝ። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያስተላልፈው ፕሮፔለር ሻፍት ሁለት ቁራጭ ሲሆን፣ መሐሉን የሚይዘው ኩሽኔታ ጎማው ስለተበጣጠሰ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ ከወንበሬ ሥር ያጉረመርማል። አንዳንድ ወዳጆቼ አንድ ወጥ በሆነ የአልሙኒየም ሻፍት ብለውጠው ጩኸቱ እንደሚጠፋ፣ መኪናውም ቀሎት ጉልበት እንደሚጨምር ይነግሩኛል። ለዚህ ሥራ የትኛውን አገልግሎትና የትኛውን ዕቃ ትጠቁሙኛላችሁ?

ጥቆማ፦

ጥያቄዎ ሁለት ጉዳዮችን አንድ ላይ ስለያዘ ለያይቼ እመልሳለሁ። ፍላጎትዎ ጉልበት ከሆነ በአልሙኒየም ሻፍት ላይ ገንዘብ እንዲያወጡ አልመክርም። ጩኸቱን ማስወገድ ከሆነ ግን የነባሩን የብረት ሻፍት ኩሽኔታና ክሮቼራ (በሻፍቱ መጋጠሚያዎች ላይ ያለውን የመስቀል ቅርጽ ማጠፊያ) እዚያው ደብረ ብርሃን አስለውጠው ባላንሱን፣ ማለትም ሲዞር እንዳይንቀጠቀጥ ክብደቱን የማመጣጠኑን ሥራ ብቻ አዲስ አበባ ቢያሠሩት ይሻላል እላለሁ። አልሙኒየሙ ተራው የሚደርሰው ለመኪናዎ የሚስማማ የመሐል ኩሽኔታ በምንም መንገድ አልገኝ ሲል ነው።

አልሙኒየም በሜትር ኩብ 2,700 ኪሎ ግራም፣ ብረት ደግሞ 7,850 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ልዩነቱ ሲሰሙት ትልቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ አልሙኒየም የብረቱን ያህል ጥንካሬ ስለሌለው የቱቦው ግድግዳ ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ርዝመቱ 1.2 ሜትር፣ ዲያሜትሩ 76 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 1.65 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ርዝመትና ዲያሜትር ግድግዳው 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነ የአልሙኒየም ቱቦ ደግሞ 2.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ትርፉ አንድ ኪሎ ከምናምን መሆኑ ነው። ያውም ክብደቱ ከመዞሪያው መሐል 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለሚሽከረከር፣ ተመሳሳይ ክብደት ከቸርኬና ከጎማ ላይ ቢቀንሱ ለሞተሩ የበለጠ ይቀለዋል። በሌላ በኩል ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ወደዚያ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። ጣርማበርን አልፈው ወደ ሸዋሮቢት ሲወርዱ መኪናዎ የነቃ የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህንን ጉድለት በአንድ ኪሎ ብረት የሚያካክስ ሰው ካገኙ ለእኔም ይንገሩኝ።

አንድ ወጥ የማድረጉ ሐሳብ ደግሞ ጥንቃቄ የሚፈልግ ስሌት አለው። ማንኛውም ሻፍት በተወሰነ ፍጥነት ሲዞር መሐሉ መጉበጥና መወዛወዝ ይጀምራል፤ ይህ የአደጋ ፍጥነት ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። አልሙኒየም ከብረት ይቀላል፣ ነገር ግን በዚያው መጠን ግትርነቱም ስለሚያንስ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ስለዚህ ዲያሜትሩ እኩል ከሆነ የብረቱና የአልሙኒየሙ የአደጋ ፍጥነት አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ሻጮች ይህንን ሲናገሩ አልሰማሁም። ከላይ የጠቀስኩት 76 ሚሊ ሜትር የአልሙኒየም ቱቦ 1.2 ሜትር ሲሆን የአደጋ ፍጥነቱ በደቂቃ 8,500 ዙር ገደማ ነው፤ 1.5 ሜትር ሲሆን ግን ወደ 5,400 ይወርዳል። በተግባር ከዚህ ቁጥር ከሦስት አራተኛው ማለፍ ስለማይገባ የተፈቀደልዎ 4,050 ዙር ያህል ብቻ ነው። ዲፈረንሻሉ 4.1 ቢሆንና ጎማው በአንድ ዙር 1.9 ሜትር ቢሄድ፣ ሻፍቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ 3,600 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ስለዚህ 113 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ገደቡ ላይ ነዎት። ፋብሪካው ሻፍቱን ለሁለት ቆርጦ መሐሉ ላይ ኩሽኔታ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ወጥ እንዲሆን ከወሰኑ ወይ ርዝመቱ አጭር መሆን አለበት፣ ወይም ዲያሜትሩ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከመኪናው ወለል ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ ሳይነካ የሚያልፍ መሆኑ አስቀድሞ መለካት አለበት።

አሁን ወደ አገልግሎቶቹ ልምጣ። የደሴ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ በመሆኑ በደብረ ብርሃን ያሉት የጭነት መኪና ጋራዦች ክሮቼራና የመሐል ኩሽኔታ በመለወጥ ረገድ እጃቸው የተፍታታ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከአዲስ አበባ ጋራዦች አያንሱም ብዬ በድፍረት እጠቁማለሁ። ሁለት ነገር ግን አስቀድመው ይጠይቁ። አንደኛው፣ ሻፍቱ ከመፈታቱ በፊት ሁለቱ ቁራጮች የሚገናኙበትና ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚታሰርበት ቦታ በነጥብ መቺ ምልክት እንዲደረግበት ነው፤ በጭነት መኪና ላይ ሳይስተዋል የሚያልፍ የአንድ ጥርስ መዛነፍ በስፖርት መኪና ላይ ይሰማል። ሁለተኛው፣ በብዙ የጃፓን መኪኖች ክሮቼራው በቀለበት የተቆለፈ ሳይሆን የሚይዘው የሻፍቱ ሹካ ከንፈር ተቀጥቅጦ የታሰረ ስለሆነ፣ በመዶሻ ከማውጣት ይልቅ በፕሬስ የሚሠራ ጋራዥ መምረጥ ነው። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ ከቶርኖ ቤት ጋር ተነጋግሮ የቀለበት ቦይ ማስወጣት ያስፈልጋል።

ዕቃውን በሚመለከት የጃፓኑን ጂኤምቢ ወይም የአሜሪካውን ስፓይሰር ክሮቼራ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን በካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ብቻ አይመኑ። የክሮቼራውን ቆብ ከፍተው በውስጡ ያሉት መርፌዎች (ቀጫጭን ሮለሮች) ሙሉ መሆናቸውን ይመልከቱ፣ የአራቱንም ቆብ ዲያሜትር በካሊፐር ይለኩ።

ቶርኖ ቤቶቹ ለአንድ ሌላ ጉዳይም ይጠቅማሉ። ሻፍቱን ቶርኖው ላይ አስረው በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዛባትን በሚያሳይ መለኪያ) እየለኩ ሲያዞሩት መሐሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ከተዛባ ቱቦው ጎብጧል ማለት ስለሆነ፣ ባላንስ ከማሠራትዎ በፊት ገንዘብዎን ያድንልዎታል። የአልሙኒየም ቱቦ ቆርጠው እንዲበይዱልዎ ግን አይስጧቸው። አልሙኒየም በተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይሆንም፤ በአርጎን ጋዝ የሚሠራ፣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ የቲግ ማሽን ይፈልጋል። ለፋብሪካዎች የማይዝግ ብረት ቧንቧ የሚበይዱ ጎበዝ ባለሙያዎች መኖራቸው አይካድም፤ ሆኖም ማሽናቸው ለማይዝግ ብረት የሚሆነውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ለአልሙኒየም አይበቃም። ማሽኑ ቢኖር እንኳ ለሻፍት የሚውለው 6061-ቲ6 የተባለው አልሙኒየም ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል በሙቀቱ ምክንያት ከጥንካሬው ብዙውን ስለሚያጣ፣ መጋጠሚያው ይህንን አስቦ የተቀየሰ መሆን አለበት።

ባላንስ የጎማ ባላንስ ማሽን ባለው ሰው የሚሠራ አይደለም። ለሻፍት የተዘጋጀ ማሽን ያለው አዲስ አበባ ሲያገኙ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ በሁለቱም ጫፍ የተነበበውን ቁጥር በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ጂ16 በሚባለው ጥብቅ ደረጃ ሲሰላ፣ 6 ኪሎ የሚመዝን ሻፍት በ4,000 ዙር ላይ በእያንዳንዱ ጫፍ ሳይስተካከል ሊቀር የሚፈቀደው የክብደት መዛባት 3 ግራም ያህል ብቻ ነው። ቁጥሩን ለማሳየት የሚያንገራግር ቤት ካጋጠመዎ ወደ ሌላ ይሂዱ።

ከውጭ ተዘጋጅቶ የሚመጣ የአልሙኒየም ሻፍትን የምመርጠው ከአገር ውስጥ ብየዳ ጋር ሳነጻጽረው ነው፤ ባላንሱ ተሠርቶ ስለሚመጣ ጣጣው ያነሰ ነው። ቀረጡንና የውጭ ምንዛሪውን ግን አስቀድመው ያስቡ። በመንገደኛ ሻንጣ ለማስመጣት ከፈለጉ የርዝመት፣ የስፋትና የከፍታው ድምር ከ158 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያስከትል ልብ ይበሉ።

ተጨማሪ ጥቆማ፣ ከሸዋሮቢት፦

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ በአብዛኛው ብስማማም፣ ነባሩን ሻፍት ከማደስ ይልቅ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራ ሙሉውን ያገለገለ ሻፍት መግዛት ይቀላል እላለሁ። ስለ አልሙኒየሙ ደግሞ አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። አስፋልት ባልደረሰበት የመንዝ መንገድ ላይ ጎማው የሚያስፈነጥረው ድንጋይ የብረቱን ቱቦ ቢጭረው ነው፤ አልሙኒየሙን ግን ያጎደጉደዋል፤ የጎደጎደ ቱቦ ደግሞ ባላንሱን ከማጣቱም በላይ በዚያ ቦታ ለመጠምዘዝ የተጋለጠ ይሆናል። መኪናዎ ከደብረ ብርሃንና ከአዲስ አበባ አስፋልት የማይወጣ ከሆነ ይህ አያሳስብዎ።

መልስ፣ ከመጀመሪያው ጠቋሚ፦

ስለ ድንጋዩ የተናገሩት ትክክል ነው፣ አመሰግናለሁ። በሶማሌ ተራው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የመሐሉ ኩሽኔታ ጎማ የሚያረጀው በዕድሜም ጭምር ስለሆነ፣ ከተመሳሳይ ዘመን መኪና የወጣ ሻፍት ያንኑ የተሰነጠቀ ጎማ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለቱቦውና ለጫፎቹ ብሎ መግዛት ይቻላል፤ ለኩሽኔታው ብሎ መግዛት ግን ትርጉም የለውም።

ጠያቂው ደግሞ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጩኸቱ በእርግጥ የሻፍቱ መሆኑን ያረጋግጡ። ከሸኖ ወደ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳማ አስፋልት ላይ ጩኸቱ የሚሰማበትን ፍጥነት ይያዙና፣ ፍጥነቱን ሳይለውጡ ማርሽ ይቀይሩ። የሞተሩ ዙር ተለውጦ ጩኸቱ ካልተለወጠ ከካምቢዮው ወዲያ ያለ ነገር ነው። የጎማ ጉድለት በ100 ኪሎ ሜትር ላይ በሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ስለሚመታ በመሪው ላይ እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማል፤ የሻፍት ጉድለት ግን በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ስለሚመታ ከወለሉ የሚመጣ ማጉረምረም ይሆናል። ከጣርማበር ቁልቁል ነዳጅ ሳይሰጡ በማርሽ ሲወርዱ ብቻ የሚብስ ከሆነ ክሮቼራውንና የዲፈረንሻሉን ማሰሪያ ጎማዎች በቅድሚያ ያስፈትሹ።

የመሐል ኩሽኔታውን በተመለከተ፣ ረጅሞቹ የሃይሉክስ ፒካፖችም ሁለት ቁራጭ ሻፍት ስላላቸው ኩሽኔታቸው በገበያ ላይ ይገኛል። የውስጥ ዲያሜትሩን፣ ከወለሉ ጋር የሚታሰርባቸውን የሁለቱን ቡሎኖች ርቀትና ከማሰሪያው እስከ ኩሽኔታው መሐል ያለውን ከፍታ ለክተው ከእርስዎ ጋር ያመሳክሩ። ከፍታው ብቻ የሚያንስ ከሆነ በላሜራ ማካካስ ይቻላል፤ የውስጥ ዲያሜትሩ ካልገጠመ ግን ሻፍቱን አስቆርጦ ለማስገባት አይሞክሩ።