«አስማቱ ለፈረንጅ ነው» ላላችሁት

የጣና ልጅ፦ ትናንት ማታ በመጽሐፍ ቡድናችን የድምፅ ውይይት የኮሎምቢያዊውን ደራሲ የማርኬዝን ልቦለድ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ስናነሳ፣ ሰናይ «አስማቱ ለፈረንጅ ነው፤ ገድል እየሰማ ላደገ ሐበሻ ምኑም አይደንቅም» ብሎ ግማሹን ሰው አሳስቆ ሄደ። እኔ ኔትወርክ ተቆርጦብኝ መልስ ሳልሰጥ ስለቀረሁ ሌሊቱን ሲበላኝ ነው ያደረው። እንዲህ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ወርውሮ መውጣት ደስ ይላል አይደል? በል አሁን አስረዳን።

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ ምኑን ነው የማስረዳው? ያልኩት ግልጽ ነው። አንዲት ቆንጆ ልጅ አንሶላ እንደያዘች ወደ ሰማይ ስትወጣ ፈረንጁ አፉን ይከፍታል፤ ፕሮፌሰሩ ስም ያወጣለታል፤ ሽልማት ይመጣል። እኔ አያቴ ቤት ስተኛ ግድግዳው ላይ 60 አንበሳና 60 ነብር ያስከተሉት አባታችን ሥዕል ነበር። ምን ይግረመኝ? የቀረው ደግሞ የስም ዝርዝር ነው። አውሬሊያኖ፣ አርካዲዮ፣ አውሬሊያኖ፣ አርካዲዮ። የዘር ሐረጉን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እያየሁ ነው የዘለቅኩት።

እማዋይሽ፦ «ምን ይግረመኝ» ያልክበትን ቦታ በደንብ አላየኸውም። ያቺ ቆንጆዋ ሬሜዲዮስ ስታርግ የወንድሟ ሚስት ፈርናንዳ ምን አደረገች? መጀመሪያ በቅናት ተቃጠለች። ከዚያ ተአምሩን ተቀበለች። ከዚያ ለብዙ ጊዜ እግዚአብሔርን ስትለምን የኖረችው ስለ ልጅቷ አይደለም፣ አንሶላዎቼን መልስልኝ እያለች ነው! በል እስቲ፣ ከየትኛው ገድል ውስጥ ነው አንሶላዬን የምትል ባለቤት ያገኘኸው?

ሚሚ ሲያትል፦ አንሶላዎቼን 😂😂 አክስቴን ነው ያስታወሰችኝ፤ ለቅሶ ቤት ያዋሰችውን ድስት ሦስት ዓመት ስትጠይቅ ነበር።

ቀለመወርቅ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና ገድልን ከልቦለድ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይቁም። የሚነበበው ተቁሞ ነው፤ ሲያልቅም ይሳለማሉ። ሰናይ ወንድሜ፣ አንተ ለቀልድ ያመጣኸው ነገር ለብዙዎቻችን ቀልድ አይደለም።

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ ማን ቀለደ? ያከበርኩት እኔ ነኝ እኮ! የኛ ይበልጣል ነው ያልኩት።

ቀለመወርቅ፦ ይበልጣል ለማለትም መጀመሪያ አንድ መስመር ላይ ማሰለፍ አለብህ። እኔ የምልህ አታሰልፋቸው ነው።

የጣና ልጅ፦ ቀለሜ ሳያስበው የኔን መልስ መለሰልኝ። በላዔ ሰብ 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ዳነ ሲባል ሰሚው የሚጠበቅበት ነገር አለ፤ ማመን፣ መፍራት፣ ምሕረት መጠየቅ። ማርኬዝ እንድታምነው አይለምንህም። የመጽሐፉ ቄስ ኒካኖር ትኩስ ቸኮላት ጠጥቶ ከመሬት ብድግ ይላል፤ ለምን? ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ብር ሊሰበስብ። ተአምሩ ገቢ ማሰባሰቢያ ነው። ይህን ስቀህ ታልፋለህ እንጂ አትሳለምም። ስለዚህ «ገድል ስለማውቅ አይደንቀኝም» ማለት፣ ቅኔ ስለምሰማ ቀልድ አያስቀኝም እንደ ማለት ነው።

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ ቀጥል፣ አንተ ደግሞ መምህራችን ሁን።

ጋሽ ብርሌ፦ ልጆች፣ እኔን ያልገባኝ «ለፈረንጅ» የሚለው ነው። መጽሐፉ በ1967 በፈረንጅ አቆጣጠር ቦነስ አይረስ ነው የወጣው፤ በስፓኒሽ። መጀመሪያ የታተመው 8,000 ቅጂ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አለቀ። የገዛው የቦነስ አይረስ ሕዝብ ነው። እንግሊዝኛው የመጣው በ1970 ነው፤ ኖቤሉ በ1982። እንግዲህ ለንደንና ኒውዮርክ ወሬውን የሰሙት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። የትኛው ፈረንጅ ነው የተጻፈለት?

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ለኔ አርጀንቲናም ፈረንጅ ነው። መልካቸውን አይተውታል?

ጋሽ ብርሌ፦ አራካታካ የምትባለው የኮሎምቢያ ከተማም ፈረንጅ አገር ናት? ሰውየው ያደገው እዚያ ነው፤ ሙቀቱ ከመተማ አያንስም። ወሬውን የሰማው ከአያቱ ነው፤ ሙታን ጓዳ ውስጥ ሲመላለሱ ፊቷን ሳትቀይር የምታወራ አሮጊት። ለሷም በለው እስቲ፣ «እትዬ፣ አስማትዎ ለፈረንጅ ነው» በል።

ሚሚ ሲያትል፦ ጋሽ ብርሌ ኑሩልን!

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ እሺ፣ እሱ ከአያቱ ሰማ። እኔም ከአያቴ ሰማሁ። ታዲያ ከኔው ጓዳ ያለውን ነገር 400 ገጽ እየታገልኩ ለምን እንደገና እሰማለሁ? ጥያቄዬ ይኸው ነው። መልሱልኝ።

እማዋይሽ፦ እኔ ልመልስልህ። የያዝኸው የሚበረውን ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። የቤተሰቡ ትልቅ እናት ኡርሱላ ዓይኗ ጠፍቶ ለማንም ሳትነግር ዓመታት የኖረችበትን ምዕራፍ አስታውስ። ፈርናንዳ የጋብቻ ቀለበቷ ጠፍቶባት ቤቱን ታምሰዋለች። በየቀኑ በምትሄድበት መንገድ ብቻ እየተመላለሰች ነው የምትፈልገው። ዓይነ ስውሯ አሮጊት ግን የቤቱ ሰው ሁሉ በየቀኑ ያንኑ ነገር በዚያው ሰዓት እንደሚደግም አስተውላለች። በዚያን ቀን ፈርናንዳ ከልማዷ ውጭ ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌሊት ትኋን ስለተገኘ ፍራሾቹን ፀሐይ ላይ ማውጣት። ልጆች አጠገቧ ስለነበሩ ቀለበቱን እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ነው የምታስቀምጠው ብላ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ከመደርደሪያው ላይ አነሳችው። አስማት የታለ? አንድም የለም። ሴት ነች፣ ቤት ነው፣ ትኋን ነው። እኔን ያስቀመጠኝ ይሄ ነው።

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ ለትኋን ኖቤል!

እማዋይሽ፦ ለማየት። ዓይን እያለው ለማያይ ደግሞ ምንም የለም።

ዴይራ ነዋሪ፦ ሰላም ቤቶች፣ ከፈረቃ መልስ ነው የገባሁት። እኔ ስለ አንሶላውም ስለ ገድሉም አልገባም። የሙዝ ኩባንያው ሠራተኞች ፍርድ ቤት ሲሄዱ ግን መጽሐፉን ዘጋሁት። ጠበቆቹ ኩባንያው ሠራተኛ ኖሮት አያውቅም፣ ያሉት ሁሉ ለጊዜው የተቀጠሩ ናቸው ብለው ያስረዳሉ። ፍርድ ቤቱም ሠራተኞቹ የሉም ብሎ ይወስናል። በቃ፣ የሉም! መጀመሪያ ሳቅሁ። እዚህ ዱባይ በኤጀንሲ ገብቼ ስሠራ ደመወዝ ሲዘገይ ተሰብስበን ቢሮ ሄድን። ኩባንያው «እናንተ የኤጀንሲው ናችሁ» አለን። ኤጀንሲው «የምትሠሩት ለነሱ ነው» አለን። ደረታችን ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ላይ ግን የኩባንያው ስም በትልቁ ተጽፏል። ሰናይ ወንድሜ፣ ይሄም ለፈረንጅ ነው?

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ ወንድሜ፣ አንተ የምትለው እኮ እኔን ነው የሚደግፈው። እሱ አስማት አይደለም፤ እውነት ነው። እውነቱ ቢጻፍ ይበቃ ነበር፣ መጽሐፉ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ቢራቢሮ ምን አመጣው?

የጣና ልጅ፦ ትናንት «ምኑም አይደንቅም» ነበር፤ ዛሬ «እውነቱ ይበቃ ነበር» ሆነ። ጎል ማስቆጠሪያውን ተሸክሞ የሚሮጥ ተከላካይ!

ጋሽ ብርሌ፦ እውነት ካላችሁ አይቀር፣ ያ ነገር ሆኗል። ኮሎምቢያ ውስጥ ሲየናጋ የሚባል ከተማ፣ በፈረንጅ ታኅሣሥ 1928። የአሜሪካው ሙዝ ኩባንያ የዩናይትድ ፍሩት ሠራተኞች ሥራ አቁመው አደባባይ ሲሰበሰቡ ወታደር ተኮሰባቸው። እኛ ጋ ተፈሪ ንጉሥ ከተባሉ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ማርኬዝ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። ልቦለዱ ውስጥ ትእዛዙን የሚፈርመው ጄኔራል ኮርቴስ ቫርጋስም የእውነት ሰው ነው፣ በስሙ ነው የገባው። ከመጽሐፉ ሰዎች ሬሳ በጫነው ባቡር ላይ ነቅቶ የወረደው ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ ብቻ ነው፤ ወደ ልቦለዱ ከተማ ማኮንዶ ሲመለስ «እዚህ ምንም አልተፈጠረም» ይሉታል።

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ እሰይ፣ እዚህ ላይ ያዝኩዎት ጋሼ። ስንት ሰው ሞተ ይላል መጽሐፉ? ከ3,000 በላይ። ጄኔራሉ ያመነው 47 ነው። ማርኬዝ ራሱ ኋላ በቃለ መጠይቅ፣ እውነተኛው ቁጥር ለልቦለዴ አነሰብኝ፣ ባቡሩን መሙላት ነበረብኝ ብሏል። አሁን 3,000ውን እንደ ታሪክ የሚጠቅስ ሰው ሞልቷል። አስማቱ ጎዳ ወይስ ጠቀመ?

ዴይራ ነዋሪ፦ ገዳዩ የነገረህን ቁጥር ነው ይዘህ የመጣኸው።

ጋሽ ብርሌ፦ ጨምርበት። ቦጎታ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛ ራሱ በጥር 1929 ለዋሽንግተን ሲጽፍ፣ የኩባንያው ተወካይ የሞቱት ከ1,000 በላይ ናቸው ብሎኛል ብሏል። ኩባንያው ለወዳጁ ሹክ ያለውን ነው የምነግርህ።

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ 1,000ም 3,000 አይደለም።

እማዋይሽ፦ የካቲት 12ን አስብ እስቲ። እኛ 30,000 እንላለን፣ ጣልያን ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚጠራው። አንድ ደራሲ ተነስቶ በልቦለድ ውስጥ 30,000 ብሎ ቢጽፍ «ቁጥሩን አጣራ» ብለህ ልትከሰው ነው?

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ ነገር አታዟዙሪ። 30,000 ደራሲ የፈጠረው ቁጥር አይደለም፤ መንግሥታችን ያቀረበው ነው። ማርኬዝ ግን ባቡር ሊሞላ ነው የፈጠረው። ለሰማዕታቱ ክብር ሲባል እንኳ አታነካኪው።

ቀለመወርቅ፦ እዚህ ላይ ከሰናይ ጋር ነኝ። ለሚክዱ ሰዎች በር መክፈት ነው። ነገ አንዱ ተነስቶ «ያ ሁሉ ልቦለድ ነው» ይላል።

የጣና ልጅ፦ ሳይጻፍስ ምን ሲሉ ነበር? «ምንም አልተፈጠረም» ሲሉ ነበር። ለክህደት በር የከፈተውስ ወሬውን የዘጋው ሰው ነው።

ሚሚ ሲያትል፦ ሁላችሁም ወንዶቹ ጦርነትና ባቡር ላይ ተጥዳችኋል። ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ኮሎኔል አውሬሊያኖ የሚያፈቅራት ሌላዋ ሬሜዲዮስ፣ ሬሜዲዮስ ሞስኮቴ፣ የዳኛው ልጅ፣ 9 ዓመቷ ነው። አልጋ ላይ የምትሸና ሕፃን። አቅመ ሔዋን እስክትደርስ ጠብቀው ዳሯት፤ መንታ በሆዷ እንደያዘች ሞተች። ደራሲው ይሄን ሁሉ በለስላሳ ቋንቋ ነው የሚያልፈው። እኔ እዚያ ጋ አቁሜዋለሁ፣ አልቀጥልም።

የጣና ልጅ፦ ሚሚ፣ በዘመኑ የነበረ ነገር ነው...

ሚሚ ሲያትል፦ «በዘመኑ»! እናቴን ጎጃም ውስጥ በ11 ዓመቷ ነው የዳሯት። ስታወራው ለስላሳ ቋንቋ የላትም። በዘመኑ ነበር የሚባለው ለማን ነው?

እማዋይሽ፦ ሚሚዬ፣ ያለሽው እውነት ነው። ግን ለስላሳ ነው ያልሽው አልታየኝም። ልጅቷ ሞታ ኡርሱላ ቤቱን ለዓመት ሐዘን ዘጋችው፤ ፎቶዋን ሰቅላ የማይጠፋ መብራት አበራችላት። ኋላ የተወለዱት የቤቱ ልጆች ያድጉና ያቺን ሪባን ያሰረች ሕፃን ቅድመ አያታችሁ ናት ሲሏቸው ግራ ይጋባሉ። ያ መብራት ለኔ ክስ ነው።

ሚሚ ሲያትል፦ ለኔ ጌጥ ነው። አንዲት ሴት ጽፋው ቢሆን መብራት አብርታ አታልፈውም ነበር።

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ አየህ ጣና፣ አሁን ሁለት ሆነናል ያልወደድነው።

ሚሚ ሲያትል፦ እኔን ካንተ ጋር አትቁጠረኝ ሰናይ፤ አንተ ስም በዛብኝ ብለህ ነው የምታለቅሰው።

የጣና ልጅ፦ እኔ እንዲያውም ኔትፍሊክስ ላይ በተከታታይ ፊልም ነው ያየው ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 8 ክፍሎች ላይ ግን የሙዝ ኩባንያው ገና አልደረሰም። ስለዚህ አንብቧል፤ እሱን ልመስክር። ማንበብና መግባት ግን ይለያያሉ።

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ ይኸው መጣች! «ያልወደደው ያልገባው ነው»። ከዚህ መጽሐፍ አድናቂዎች ጋር ችግሬ ይቺ ናት። አልወደድኩትም ስትል የዘር ሐረግ ይስሉልሃል። የኮሎኔሉን ልጆች፣ 17ቱን አውሬሊያኖዎች፣ ለይቼ ባውቅ ምን ይጨመርልኛል? 16ቱ እኮ ወዲያው ነው የሚገደሉት!

ጋሽ ብርሌ፦ በአንድ ሌሊት፣ ግንባራቸው ላይ ባለው የአመድ መስቀል እየተለዩ። ቄሱ የቀባቸው አመድ አልለቅ ብሎ። እንዴት «ወዲያው» ብቻ ብለህ ታልፈዋለህ አንተ ልጅ?

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሲያወሩት ከመጽሐፉ ይጥማል። እውነቴን ነው። እርስዎ አሳጥረው ቢጽፉልን እኔ እገዛለሁ።

ቀለመወርቅ፦ የሚቀጥለው ወር የኛው ደራሲ የአዳም ረታ ይሁንልን፤ ቢያንስ ስም አይምታታብንም።

እማዋይሽ፦ አዳም ረታ ይቅለለኝ ብሎ የሚመርጥ ሰው ዛሬ አየሁ! የግርጌ ማስታወሻውን ስታይ እንገናኝ።

ሰናይ ዘስድስት ኪሎ፦ አዳምን ለኔ ተዉልኝ። የአዳም አስማት ከእንጀራ ነው የሚነሳው፣ ከሙዝ አይደለም።

ዴይራ ነዋሪ፦ ወፍራም መጽሐፍ እዚህ ማን ያመጣልኛል? ሰው ሲመጣ 2 ኪሎ ቡናና በርበሬ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለመጽሐፍ ቦታ የለም ይሉኛል። ቀጭን ምረጡ።

ቀለመወርቅ፦ ፒዲኤፍ ያለው ሰው...

ጋሽ ብርሌ፦ ፒዲኤፍ የሚል ሰው በዚህ ቡድን አልይ! ደራሲው በሕይወት አለ፤ ግዙ።

ሚሚ ሲያትል፦ ጋሼ፣ የማርኬዝን በምን አነበቡት ታዲያ? 😏

ጋሽ ብርሌ፦ ለገሃር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ገዝቼ ነው፤ ሽፋኑ የለውም፣ ገጹ ግን ሙሉ ነው። ደረሰኝ ልላክልሽ?