የሐዋሳ ሐይቅ የተፈጥሮ ቀናት 2019፦ በጋራ ረቂቁ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለከተማው አስተዳደር የምናስገባው የጋራ ዕቅድ የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸውና። ሐሳባችሁን እዚሁ ሥር ጻፉ፤ ወደ ቃለ ጉባኤ የሚገባው የተስማማንበት ብቻ ነው።

ሦስት ዝግጅት ታስቧል። የመጀመሪያው ቅዳሜ መስከረም 30 ሲሆን የዓለም የፍልሰተኛ ወፎች ቀን የሚከበርበት ነው። ሁለተኛው የውሃ ወፎች ቆጠራ፣ ቅዳሜ ጥር 8። ሦስተኛው የፍልሰተኛ ወፎች ቀን በዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከበር፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 30። የሦስቱም ቦታ አሞራ ገደል (የዓሣ ገበያው ያለበት የሐይቅ ዳር)። ተሳታፊ 300፣ ጀልባ 5፣ ድንኳን፣ ሞንታርቦ፣ ቲሸርት። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 7።

የወፍ ቆጠራ ክፍል፦
እህታችን ላዘጋጀሽው እናመሰግናለን። ቀኖቹ በደንብ ታስበውባቸዋል፤ ሰዓቱ ግን አይሆንም። ከተማችን የሐይቁ ምሥራቅ ዳር ላይ ስለሆነች በማለዳ ፀሐይ ከጀርባችን ትሆናለች፤ ወደ ውሃው ስናይ የወፉ ቀለም እስከ እግሩ ድረስ ይለያል። ከቀትር በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣለች፤ የሚታየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፣ ዳክዬና ዝይ እንኳ አይለዩም። ነፋሱም ረፋድ ላይ ይነሣል፤ ማዕበል ሲኖር ውሃ ላይ የተቀመጠ ወፍ ብቅ ጥልቅ ስለሚል ቆጠራው ይበላሻል። ፀሐይ በመስከረም መጨረሻ 12፡15 አካባቢ፣ በጥር አጋማሽ 12፡45 አካባቢ ትወጣለች። ስለዚህ መስከረም ላይ 12፡15፣ ጥር ላይ 12፡45 ጀምረን በሁለት ሰዓት ውስጥ እንጨርስ።

ሚያዝያ 30ን በተመለከተ፦ ያ ቀን የሚመቸው ወፎቹ በዚያን ጊዜ ለሚደርሱላቸው ለአውሮፓ ሰዎች ነው። እኛ ዘንድ የከረሙት አብዛኞቹ እስከዚያ ወደ ሰሜን ተነሥተው ሄደዋል። ሰው ጠርተን «የፍልሰተኛ ወፎች ቀን» ብለን የሚታይ ፍልሰተኛ ብናጣ ያሳፍራል። ቅዳሜ መጋቢት 4 ይሻላል፤ ሊሄዱ ሲሰናዱ ነው፣ አንዳንዶቹም የመራቢያ ላባቸውን ለብሰዋል። ሜዳው ላይ ጅራቷን የምትወዘውዘዋ ትንሽዬ ወፍ ጥር ላይ ደብዘዝ ያለች ናት፤ መጋቢት ላይ ሆዷ እንደ አደይ አበባ ይበራል። ለጀማሪ የሚማርከው እንዲህ ያለው ነው።

የትምህርት ቤት ክበባት አስተባባሪ፦
በመጋቢቱ እስማማለሁ። ግን መጋቢት 4 የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ስለዚህ መክሰሱ ቆሎ፣ ሙዝና የጾም ዳቦ ይሁን፤ እንቁላልና ወተት ከዝርዝሩ ይውጣ። ረመዳን ከዚያ በፊት ይወጣል ተብሎ ስለሚጠበቅ በዚያ በኩል ችግር አይታየኝም።

ሌላው ጉዱማሌን (የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሚከበርበትን የሐይቅ ዳር ሜዳ) የምንፈልገው ከሆነ ነው። የዘመን መለወጫው የፊቼ ጨምበላላ ቀን በካላንደር የሚታወቅ አይደለም፣ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። በዓሉ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሊውል ስለሚችል «ከበዓሉ ጋር ከተጋጨ በአንድ ሳምንት ይተላለፋል» የሚል አንቀጽ ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

ጸሐፊ፦
ሁለቱም ገብተዋል። ወደ 300ው እንምጣ። ጽሕፈት ቤቱ ብዙ ሰው ካላየ ድጋፍ አይሰጥም የሚል ስጋት አለኝ።

የወፍ ቆጠራ ክፍል፦
ሞንታርቦና ወፍ አብረው አይሄዱም። 300 ሰው በአንድ ዳርቻ ቢቆም የሚቀሩት አባ ኮዳዎቹ (ራሰ መላጣዎቹ ትልልቅ ወፎች) ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሰው ለምደዋል። በውሃ ላይ ቅጠል የሚራመደው ጃካናም ሆነ ትናንሾቹ ዳክዬዎች ወደ ፊላው ውስጥ ይገባሉ።

ለሁለት እንክፈለው። ማለዳ ላይ 60 ሰው በ5 ቡድን፣ በየቡድኑ 12። ከ3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጉዱማሌ ላይ የፈለገ ያህል ሰው የሚመጣበት ዐውደ ርእይ፣ ድንኳኑና ድምፅ ማጉያውም እዚያ። በየቡድኑ ፊት የሚሄድ አንድ መሪ፣ ከኋላ የሚጠብቅ አንድ ሰው። የኋላውን ሰው እንደ ትርፍ አትቁጠሩት፤ ፎቶ ለማንሣት ወደ ውሃው የሚጠጋው ሁልጊዜ ከኋላ የቀረው ነው።

የጀልባ ክፍል፦
5 ጀልባ ለምን አስፈለገ? ሞተር ያለው ጀልባ ከዳር 100 ሜትር ላይ ቢያልፍ እንኳ ያረፈውን መንጋ ያስነሣል። የተነሣው መንጋ የሚያርፈው ቀጣዩ ቡድን ፊት ነው፤ ያው ወፍ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ለጥር አንድ ጀልባ ይበቃል፣ እሱም በእግር ለማይደረስበት፣ የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ለሚገባበት ቦታ ብቻ። 6 ሰው፣ 7 ላይፍ ጃኬት (ባለ ጀልባውም ይልበስ)፣ ፊሽካና ገመድ።

ጉማሬን በተመለከተ ረቂቁ ምንም አይልም። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋጋ ይመለሳል። በጣም አደገኛ የሚሆነው ወደ ጥልቁ ውሃ የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት ነው። ስለዚህ ጀልባዋ ከ1፡30 በፊት ወደዚያ አትጠጋ፤ ከገባችም በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል አትለፍ። በዚያ ዳርቻ ማምሻ ላይ የእግር ጉዞ ጨርሶ አይፈቀድ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ጀልባዋ ዳር ትያዝ፤ ምክንያቱ ከላይ የተባለው ነፋስ ነው።

የንጽሕና ዘመቻ ክፍል፦
ከቆጠራው ጋር አብረን በዚያው ቀን ዳርቻውን ብናጸዳስ? ሰው አንዴ ከተሰበሰበ አይቀር።

የወፍ ቆጠራ ክፍል፦
ወንድሜ፣ ቆጠራው ሳያልቅ ማጽዳት ማለት ወፉን አባርሮ መቁጠር ነው። በሳምንቱ፣ ጥር 15 አድርጉት። ያኔ ጥምቀትም ስላለፈ ዳርቻው ላይ የሚለቀም አይጠፋም።

የንጽሕና ዘመቻ ክፍል፦
ይሁን፣ ጥር 15። ለ40 ሰው የሚያስፈልገው፦ ወፍራም ጓንት 40 ጥንድ፣ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት 80፣ መቀስ 10፣ የተንጠልጣይ ሚዛን 2፣ ቦት ጫማ 12 ጥንድ። ቦቱ ለቅንጦት አይደለም፤ በሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባት ክልክል ይሁን። ቦት ያልደረሰው ደረቁ ላይ ይሥራ።

ፊላና ደንገል ላይ የተጠላለፈ አሮጌ መረብ አይጎተት። ሲጎተት ሥሩን ይነቅላል፣ ውስጡ ጎጆ ካለም ይገለብጣል። በመቀስ በቁራጭ በቁራጭ እየተቆረጠ ይውጣ። የናይለን ክርና መንጠቆ ለብቻ በጠርሙስ ውስጥ ይጠራቀም፤ ጉዱማሌ ላይ የሚታየው እሱ ነው። አባ ኮዳ ከዓሣ አንጀት ጋር የሚውጠው እሱን ስለሆነ ከመቶ ፖስተር የበለጠ ይናገራል።

የትምህርት ቤት ክበባት አስተባባሪ፦
ተማሪዎች 24፣ ከ7ኛና 8ኛ ክፍል። ከቆጣሪዎቹ ጋር አይቀላቀሉ። ከ3 እስከ 4፡30 አሞራ ገደል ላይ በ3 ጣቢያ ይዘዋወራሉ፣ በየጣቢያው 25 ደቂቃ። ለ8 ልጅ አንድ አዋቂ፣ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ።

አንደኛው ጣቢያ አባ ኮዳ ነው። ለምን ራሱ መላጣ ሆነ? ጥንብ ውስጥ ሲገባ ላባ ቢኖረው ደሙ ይጋገርበት ነበር። እግሩስ ለምን ነጭ መሰለ? ቆዳው ጥቁር ነው፤ ሙቀት ለማብረድ ኩሱን ራሱ ላይ ይለቃል። ልጅ ይህን ሰምቶ አይረሳም። ሁለተኛው ጉሬዛ፦ አውራ ጣት የለውም፣ ቅጠል የሚፈጭ ባለ ብዙ ክፍል ጨጓራ አለው። ዳቦና ብስኩት ሲሰጠው ሆዱ ውስጥ ፈልቶ ይነፋዋል። ሦስተኛው የፊላው ዳር ነው፤ እዚያ ዝም ብሎ 10 ደቂቃ መቀመጥና የሚሰማውን ድምፅ መቁጠር ብቻ።

አንድ ነገር በጥብቅ ይያዝልኝ፦ በዕለቱ ማንም የማኅበሩ አባል ለአባ ኮዳም ለጦጣም ምግብ አይወርውር። ለፎቶ ብሎ የዓሣ ጭንቅላት የሚገዛ እንግዳ ሲመጣም ከመጨቃጨቅ ይልቅ ወደ ጣቢያው ጋብዙት።

ጸሐፊ፦
ስለ ቆጠራው አሠራር አጭር ጽሑፍ ያስፈልገኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ቢያዘጋጁልን?

የወፍ ቆጠራ ክፍል፦
እሺ ልጄ። የጥር ወሩ ቆጠራ እንዲህ ይግባ፤ ይህ ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲካሄድ የቆየ ስለሆነ ዘዴውን እኛ አንፈጥርም። ዳርቻው በ5 ክፍል ይከፈላል፣ ድንበሩ ዛፍ ወይም ሕንፃ ይሁን፣ «እዚያ አካባቢ» አይባል። አምስቱም በአንድ ደቂቃ ይጀምራሉ። በየክፍሉ ሁለት ቆጣሪና አንድ ጸሐፊ። ቆጣሪ ዓይኑን ከባይኖኩላሩ አያነሣም፣ ጸሐፊው ብቻ ነው የሚጽፈው። በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በጤዛ ይፈስሳል።

መንጋ ሲሆን አንድ በአንድ አትቁጠሩ። ዐሥሩን ቆጥራችሁ ያ ዐሥር የያዘውን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ በመንጋው ላይ እየደገማችሁ ሂዱ። ይህ ልምምድ ይፈልጋል። ከሳምንት በፊት፣ ታኅሣሥ 30 ወይም ጥር 1፣ ለ2 ሰዓት ሥልጠና ይኑር፦ ትሪ ላይ አንድ እፍኝ ቦሎቄ በትኑ፣ 5 ሰከንድ አሳዩ፣ ግምት ጻፉ፣ ቁጠሩ። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው። ዐሥር ጊዜ ከተደጋገመ ይስተካከላል።

አባ ኮዳ ችግር ያመጣል። ያደረበትን ዛፍ ትቶ ጀልባ ሲገባ ወደ ዓሣው ገበያ ይወርዳል። ስለዚህ ለዛፉና ለገበያው ሁለት ሰው መድቡ፣ ልክ 12፡45 ላይ በስልክ ተነጋግረው ይቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ የታየ አባ ኮዳ አይመዘገብ። ምንም ያልታየበት ክፍል ባዶ አይተው፣ «0» ይጻፍበት። ባዶ ማለት አልተቆጠረም ማለት ነው፣ ዜሮ ግን መረጃ ነው። ለይታችሁ ያላወቃችሁትንም «ያልተለየ ዳክዬ፣ 14» ብላችሁ ጻፉ፤ ለማስደሰት ብሎ ስም መስጠት ቆጠራውን በሙሉ ያሳማል።

ገንዘብ ያዥ፦
ለ5 ቡድን በየቡድኑ 4 ባይኖኩላር፣ ጠቅላላ 20። ግምጃ ቤት ያለው 11 ነው፤ ከነዚያ የ2ቱ ሌንስ ሻጋታ ይዟል። ግዢው 11 ይሆናል፣ ሦስት ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ። ቲሸርቱን ሰርዤ ገንዘቡን ወደዚህ አዛውሬዋለሁ፤ የሚከፋው ካለ አሁን ይናገር።

የጀልባ ክፍል፦
ማንም አይከፋም። አበል ግን አለ?

ገንዘብ ያዥ፦
ለባለ ጀልባውና ለጥበቃዎቹ ብቻ። አባል በበጎ ፈቃድ ነው።

የወፍ ቆጠራ ክፍል፦
ፕሮፎርማው ላይ «ባይኖኩላር» ብቻ ተብሎ አይጠየቅ፤ የልጅ መጫወቻ ያቀርቡልናል። 8 በ42 (8 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ተብሎ ይጻፍ። 10 ጊዜ የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፤ ግን የእጅ መንቀጥቀጡንም ዐሥር ጊዜ ያጎላል፣ የሚያሳየው ስፋትም ጠባብ ስለሆነ ጀማሪ የሚበርር ወፍ ፈልጎ ሳያገኝ ያልፋል። ሲረከቡም እንዲህ ይፈተሽ፦ የቀኝ ዓይን ተሸፍኖ በመካከለኛው ጥምዝ ይስተካከል፣ ከዚያ ግራው ተሸፍኖ በቀኙ ቀለበት። በሁለቱም ዓይን ሲታይ ምስሉ ድርብ ከሆነ ሌንሱ ተዛንፏል፣ ይመለስ። ከዚያ በኋላም ክዳን ባለው ሣጥን፣ እርጥበት ከሚመጥጥ ከረጢት ጋር ይቀመጥ፤ ሁለቱን ሻጋታ ያስያዘው ቆርቆሮ ቁም ሣጥን ውስጥ መክረማቸው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ተመዝግቧል። ቁም ሣጥኑንም እናያለን።

ጸሐፊ፦
የተስተካከለውን ረቂቅ ሐሙስ ማታ እዚሁ እለጥፋለሁ። ማኅተም ከማረፉ በፊት የቀረኝ የ5ቱ ክፍሎች ድንበር ነው። ጋሼ፣ ከጀልባ ክፍል ጋር ሆናችሁ በእግር ተዘዋውራችሁ እስከ ረቡዕ ምልክቶቹን በፎቶ ብትልኩልኝ?

የጀልባ ክፍል፦
ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ አሞራ ገደል በር ላይ። ቦት ይምጣ።