ለመጀመሪያ ጊዜ የኢንዱስትሪ ዐውደ ርዕይ የሚጎበኝ የምህንድስና ተማሪ እንዴት ቢዘጋጅ ይሻላል?

የመካኒካል ተማሪዋ፦
የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ስሆን፣ የማሽን አምራቾችና አስመጪዎች የሚሳተፉበትን ዐውደ ርዕይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጎበኝ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ዕቃ ለመግዛት ወይም ለመዋዋል እንደሚመጣ ስለማውቅ፣ ምንም የማልገዛው እኔ የባለሙያዎቹን ጊዜ እንዳላባክን እሰጋለሁ። ብሮሸር ሰብስቦ ከመመለስ ያለፈ ዕውቀት እንዳገኝ ምን ልጠይቅ?

የሽያጭ መሐንዲስ፦
እኅቴ፣ ለዓመታት በማሳያ ቦታ ላይ ቆሜ ጎብኚ ያስተናገድኩ ሰው እንደመሆኔ፣ በደንብ የሚጠይቅ ተማሪ ሲመጣ ደስ እንደሚለን ላረጋግጥልሽ እወዳለሁ። ተማሪ መሆንሽን ገና ከመጀመሪያው ተናገሪ፤ ከገዢ ጋር ድርድር የያዘ ሰው ካጋጠመሽ ደግሞ ሌላውን አይተሽ ተመለሺ። ፊት ለፊት የሚቀበሉሽ ብዙውን ጊዜ የሽያጭ ሠራተኞች ስለሆኑ፣ ማሽኑን የሚተክለው ወይም የሚጠግነው ባለሙያ እዚያ ካለ እንዲያገናኙሽ በትሕትና ጠይቂ።

ከሁሉም በላይ ግን በመግለጫው ላይ የሰፈረው ቁጥር እንዴት እንደተለካ ጠይቂ። ለምሳሌ በአንድ የሮቦት ክንድ መግለጫ ላይ ±0.02 ሚሊ ሜትር የሚል ብታዪ፣ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግርሽ ክንዱ ቀድሞ ወደ ተማረው ነጥብ ደጋግሞ ሲመለስ የሚያሳየውን ልዩነት ነው፤ በስሌት የተሰጠውን አዲስ ነጥብ ምን ያህል በትክክል እንደሚያገኝ ግን ሌላ መለኪያ ነው፤ ስሕተቱም በአብዛኛው ከዚያ ይበልጣል። አይኤስኦ 9283 የተባለው መስፈርት ሁለቱን ለየብቻ የሚያያቸውም ለዚህ ነው። «በምን ያህል ጭነትና ፍጥነት ተለካ?» ብለሽ ስትጠይቂ ውይይቱ ከማስታወቂያ ወደ ምህንድስና ይሻገራል።

የፋብሪካ ጥገና ባለሙያ፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ የሚከበው ሮቦት ጊዜሽን እንዳይወስድብሽ። ለተማሪ የበለጠ የሚያስተምረው ውስጡ እንዲታይ ተቆርጦ የቀረበ ፓምፕ ወይም የማርሽ ሳጥን ነው ብዬ አምናለሁ። ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይንሽ ተከተይና ውኃ እንዳይፈስ የሚያግደው ማሸጊያ («ሲል» የሚባለው) የት እንደተቀመጠ፣ ዘንጉን ደግፈው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርጉት ኩሽኔታዎች በምን እንደተያዙ፣ አንዱን ለመቀየር ምን ምን መፈታት እንዳለበት ጠይቂ። ኩሽኔታ የሚሸጡትን ደግሞ ስለ ዕድሜው ጠይቂያቸው፤ በካታሎግ ስሌት የሚገኘው መሠረታዊ ዕድሜ ከተመሳሳይ ኩሽኔታዎች 90 በመቶው የሚደርሱበት ወይም የሚያልፉት ነው እንጂ ለእያንዳንዱ የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ያውም ቆሻሻ ከገባበት ወይም አገጣጠሙ ከተዛባ ቶሎ ይበላሻል፤ እኔ ሲበላሹ የማያቸው ኩሽኔታዎች አብዛኞቹ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

የመካኒካል ተማሪዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሞተሮችና በሴንሰሮች ላይ ስለሚጻፈው፣ አቧራና ውኃ የመከላከል ደረጃን ስለሚያመለክተው አይፒ 67ም በዚሁ መንገድ ልጠይቅ? ፎቶ ማንሳትስ ይፈቀዳል?

የፋብሪካ ጥገና ባለሙያ፦
አዎን፣ ጠይቂ። 6ቱ አቧራ ፈጽሞ እንደማያስገባ፣ 7ቱ ደግሞ ውኃ ውስጥ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ጉዳት እንደማይደርስበት ያመለክታል፤ በኃይል ለሚረጭ ውኃ ግን የተለየ ፍተሻ አለው። ስለዚህ ዕቃው በፋብሪካ ውስጥ በግፊት የሚታጠብ ከሆነ ያንንም አልፎ እንደሆነ ጠይቂ። ፎቶን በተመለከተ ሁልጊዜ አስፈቅጂ፤ የሚከለክሉ ድርጅቶች አሉ፣ ሲከለክሉሽም በእጅሽ ንድፉን ከመሣልሽ በፊት እንደዚሁ ጠይቂ።