«ኪው» ኖሯቸው «ዩ» የሌላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት ላግኝ?

በእንግሊዝኛ ስክራብል (ፊደላትን እየገጣጠሙ ቃላት የሚመሠርቱበት ጨዋታ) ከ100ዎቹ የፊደል ጠጠሮች ባለ10 ነጥቧ «ኪው» አንዲት ስትሆን «ዩ» ደግሞ 4 ብቻ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ «ዩ» ሳይደርሰኝ ጨዋታው ያልቅና እጄ ላይ የቀረችው «ኪው» 10 ነጥብ ታስቀንሰኛለች። ባለሁለት ፊደሏን «ቺ»ን (በቻይናውያን እሳቤ የሕይወት ኃይል) እና «ቃት»ን (የእኛው ጫት ነው) አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱም ግን በ«ኪው» የሚጀምሩ ናቸው። የታተመ መዝገበ ቃላት በመነሻ ፊደል የተደረደረ ስለሆነ፣ ፊደሏ መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ስትሆን ብዙም አይረዳም። ከኢንተርኔት ያወረድሁትን የቃላት ፋይል በኮምፒውተር ሳጣራው፣ ጨዋታው የሚቀበለው «ትራንክ» (የማረጋጊያ መድኃኒት አጭር መጠሪያ) ከማይቀበለው ከ«ኢራቅ» ጋር ተደባልቆ ወጣ። የተጸውዖ ስሞችንና ምህጻረ ቃላትን አስቀርቶ፣ በውድድር መዝገበ ቃላት ተቀባይነት ያላቸውን ቃላት ብቻ «ኪው» በምትገኝበት ቦታ ለይቶ የሚያወጣልኝ የፍለጋ ዘዴ የትኛው ነው?