ታጣፊ ድንኳን ያለውን ትንሽ ተሳቢ በሚኒቫን ስለ መጎተት

ጥያቄ (ከጅማ)፦
ታጣፊ ድንኳን የተገጠመለትንና ከነጓዙ 600 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ትንሽ ተሳቢ በቤተሰብ ሚኒቫኔ እየጎተትኩ ወደ ወሊሶ ለመጓዝ አስቤአለሁ። ስሞክረው ግን በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ስለሚጀምር የጊቤ በረሃ ቁልቁለት አስግቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጭነቱ የት እንዳረፈ ይመልከቱ። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው፣ ማለትም በእርስዎ ተሳቢ ከ60 እስከ 90 ኪሎው፣ ጋንቾው (ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት) ላይ መውደቅ ሲኖርበት፣ ከባዱ ዕቃ ከኋላ ከተጫነ መወዛወዙ አይቀርም። የተሳቢውን አፍንጫ (ጋንቾው ላይ የሚያርፈውን ጫፍ) ሚዛን ላይ አሳርፈው ይመዝኑት፤ የቡና ነጋዴ ሚዛን ይበቃል፣ እሱ ደግሞ ጅማ ላይ አይጠፋም። ሚኒቫኑ ምን ያህል መጎተት እንደሚችል ከመመሪያ መጽሐፉ ሳያረጋግጡም አይነሱ፤ ተሳፋሪውና ሻንጣው ጭምር ይታሰባሉ።

ሌላ መልስ፦
ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን አግሎ አቅም ስለሚያሳጣው፣ መውረድ ከመጀመርዎ በፊት ከባድ ማርሽ (ዝቅተኛውን፣ ለምሳሌ ሁለተኛ) ያስገቡ። ተሳቢው ከተወዛወዘ እግርዎን ከነዳጁ ላይ አንሥተው መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ድንገተኛ ፍሬንም ሆነ መሪ ማዞር ያባብሰዋል። የመጠባበቂያ ሰንሰለቶቹን ከጋንቾው ሥር አመሳቅለው ይሰሯቸው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ዛሬ ስመዝነው አፍንጫው 35 ኪሎ ብቻ ነበር። ጀነሬተሩንና ሁለቱን የውኃ ጀሪካኖች ከጎማው ፊት ባደርጋቸው 72 ደረሰ፤ በ70 ፍጥነትም አልተወዛወዘም።