ሰው ሲጎድል ኮምፒውተር ይቀመጥ? የድሬዳዋ ብሪጅ ተጫዋቾች ክርክር

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ጀመዓ! በብሪጅ፣ ሁለት በሁለት ሆነን በአራት ሰው በምንጫወተው የካርታ ጨዋታ፣ ውድድራችን ላይ አራተኛ ሰው ሲጎድል ኮምፒውተር ይግባ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ አልስማማም። ሐሙስ ኮምፒውተር አጋር አድርጌ ባለኮንትራቱን (በጨረታ «ይህን ያህል ዙር እወስዳለሁ» ያለውን) ስከላከል የልብ አስ፣ ኬ፣ 6 እና 4 ይዣለሁ። አስ ጣልኩ፤ እሱ 9 ጣለ። ኬ ጣልኩ፤ 2 ጣለ። እኛ ስንጫወት መጀመሪያ ትልቅ፣ ቀጥሎ ትንሽ ከመጣ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ «ልቤ ሁለት ብቻ ነበር፣ ሦስተኛውን በገዢው ካርታ ቆርጬ ዙሩን እወስዳለሁ።» አምኜ ሦስተኛ ልብ ጣልኩ። ለካ አራት ልብ ይዟል! የባለኮንትራቱ አጋር ጠረጴዛ ላይ የዘረጋው እጅ ውስጥ ያለችው የልብ ኪው ዙሩን ወሰደች። ባለኮንትራቱም የሚከስርበትን ስፔድ በእሷ ላይ ጣለና ተገላገለ። ስፔዱን ቀድመን ብንወስድ ኮንትራቱ ይወድቅ ነበር።

የሳቢያን፦ አቦ፣ በአንድ እጅ አትፍረድ! እ.ኤ.አ. በ2022 ፓሪስ ላይ ኑክ የሚባል ፕሮግራም 8 የዓለም ሻምፒዮኖችን ገጥሞ፣ ከ80 የዕደላ ምድብ 67ቱን አሸንፏል። እኛ ማን ሆነን ነው የምንንቀው?

የገንደቆሬ እህት፦ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ምን እንደተጫወተ እይ። ጨረታ አልነበረም። ኑክ የተጫወተው ኮንትራቱን ይዞ ብቻ ነው። ሻምፒዮኖቹም እንደዚሁ። የሚከላከሉት በሁለቱም በኩል ኮምፒውተሮች ነበሩ። ለአጋር ምልክት መስጠትና የአጋርን ምልክት ማንበብ፣ እኛ የምንከራከርበት ነገር ማለት ነው፣ እዚያ ጨርሶ አልተፈተነም።

የባቡር ጣቢያው ጋሼ፦ ልጆቼ፣ እኔ በእኛ ካርታ ያደግኩ ሰው ነኝ። ለጓደኛው ዓይኑን የጠቀሰ ከጨዋታ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ምልክት ባይሰጥ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

የገንደቆሬ እህት፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎት ተገቢ ነው። በብሪጅም ዓይን መጥቀስ፣ ማሳል፣ ሆን ብሎ መዘግየት ክልክል ነው። የተፈቀደው ካርታው ራሱ የሚናገረው ብቻ ነው። እሱም ምስጢር አይደለም፤ ተቃራኒዎቹ ጠይቀው የስምምነታችንን ትርጉም የማወቅ መብት አላቸው። በዓይንና በሳል በኩል ከሆነ ከኮምፒውተር የበለጠ ንጹሕ ተጫዋች የለም፣ ይሄን አምናለሁ።

አሁን ለምን 9 እንደጣለ ልንገራችሁ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ያልታዩትን ካርታዎች በሐሳብ ደጋግመው ያድላሉ። ከጨረታውና እስካሁን ከወደቀው ካርታ ጋር የሚስማማውን ዕደላ ይይዛሉ። ከዚያ እያንዳንዱን አራቱም እጅ ገሃድ የተዘረጋ አስመስለው ይፈቱና በአማካይ የተሻለውን ካርታ ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ማቲው ጊንስበርግ የሠራው ጂብ የሚባል የብሪጅ ፕሮግራም የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ካርታ ከታየ ማን ለማን ምን ይነግራል? በዚያ ስሌት 9ኙም 2ቱም እኩል ናቸው። ምልክት ዋጋ የለውም። ስለዚህ አልዋሸህም፣ ምንም አላለህም።

የሳቢያን፦ ታዲያ «እኩል ሲሆኑ በስምምነቱ ጣል» የሚል ደንብ ይጨመርበታ!

የገንደቆሬ እህት፦ መስጠቱ በደንብ ይቻላል፣ የሚያደርጉም አሉ። ማንበቡ ነው ከባዱ። አጋር 9 ሲጥል ምርጫ አጥቶ ይሁን አስቦ እንዴት ይለያል? ምልክቱን ሙሉ በሙሉ ካመነ፣ እውነተኛውን ዕደላ ከሐሳቡ አውጥቶ ሊጥለው ይችላል። ካላመነ ደግሞ መስጠቱ ምን ጥቅም አለው? ደግሞ ባለኮንትራቱም ያንኑ ምልክት ያነባል። ጎበዝ ሰው አንዳንዴ ለጠላት እንዳይጠቅም ብሎ ዝም ይላል። መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለብን እኛም ከአጋራችን ጋር ዓመታት ተቀምጠን ነው የተማርነው።

የከዚራ ልጅ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ብሪጅ የሁለት ሰው መተማመን ነው። አንዱ ጥንድ የሚነጋገር፣ ሌላው የማይነጋገር ከሆነ ውድድሩ እኩል አይሆንም።

የሳቢያን፦ ሰው የጎደለበት ጥንድ ግን ወደ ቤቱ ይመለስ? ያ ደግሞ ፍትሕ ነው? በዚህ ሙቀት ከሳቢያን እስከ ከዚራ መጥቶ?

የባቡር ጣቢያው ጋሼ፦ እሱን አትበሉ፣ እንግዳ አይባረርም። እንዲህ እናድርግ። ኮምፒውተሩ ይግባ፣ ነጥቡ ግን ለዋንጫ አይቆጠር። ከእሱ ጋር የሚቀመጠው ሰውም ካርታው ምንም እንደማይነግረው ቀድሞ ይወቅ። ቅዳሜ 11 ሰዓት ሙቀቱ ሲበርድ ፊት ለፊቱ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

የከዚራ ልጅ፦ ነጥቡ ካልተቆጠረ ተስማምቻለሁ ጋሼ። የልቡን እጅ በወረቀት ጽፌ አመጣዋለሁ፣ እርስዎም ሦስተኛውን ይጥሉት እንደሆነ ልይ።