ለማይግሬን የቱ መድሃኒት ይሻላል? ፕሮፕራኖሎል ታዞልኝ ፈራሁ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ማይግሬን ያለባችሁ እስቲ ምከሩኝ። ግማሽ ጎን ራሴን ወጥሮ ይይዘኛል ብርሃንም ድምፅም አልችልም ከዛ ያስመልሰኛል። ድሮ ኢቡፕሮፌን ስውጥ ወዲያው ይተወኝ ነበር አሁን ግን በሳምንት አራት ቀን እየዋጥኩም አልለቅ አለኝ። ሀኪሙ ፕሮፕራኖሎል አዘዘልኝ፣ ሳነበው የደም ግፊት መድሃኒት ነው፣ እኔ ደሞ ግፊት የለብኝም!! ልጀምረው ወይስ ሱማትሪፕታን የሚሉትን ልሞክር? ከልጅነቴ ጀምሮ አስም ቢጤ አለብኝ፣ ለሀኪሙ አልነገርኩትም።

መልስ 1
እህቴ አስም ካለብሽ ፕሮፕራኖሎሉን አትጀምሪ፣ የአየር ቧንቧ ያጠባል፣ መጀመሪያ ለሀኪሙ ንገሪው። የግፊት መሆኑ ግን አያስደንግጥሽ፣ የማይግሬን መከላከያ የሚባሉት አብዛኞቹ ለሌላ በሽታ የወጡ ናቸው፤ አሚትሪፕቲሊን የድብርት፣ ቶፒራሜት የሚጥል በሽታ፣ ካንደሳርታን የግፊት። ሱማትሪፕታን ደሞ መከላከያ አይደለም፣ ሲነሳብሽ ብቻ ነው የሚወሰደው፣ ያውም ህመሙ እንደጀመረ ሳይጠነክር። የልብ በሽታ ወይ ስትሮክ ያለበት ሰው አይወስደውም።

መልስ 2
ሁላችሁም ኢቡፕሮፌኑን ዘላችሁት እኮ። በሳምንት አራት ቀን ማለት በወር 15 ቀን አለፈ ማለት ነው፣ እንደዛ ከሶስት ወር በላይ ከቀጠለ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ሱማትሪፕታን ደሞ ይባስ ራስ ምታት ለማምጣት በወር 10 ቀን ይበቃዋል፣ ስለዚህ በሱ ተክቶ መቀጠል መፍትሄ አይሆንም። ኢቡፕሮፌኑን ስታቆሚ መጀመሪያ ሰሞን ሊብስብሽ ይችላል፣ ከሀኪም ጋ ተነጋግረሽ አድርጊው። የሚያምሽንና የዋጥሽበትን ቀን ደብተር ላይ ፃፊ፣ ሀኪሙም የሚፈልገው እሱን ነው።

መልስ 3
እኔ አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ 10 ሚሊግራም ጀምሬ ቀስ እያልኩ ነው የጨመርኩት። እንቅልፍ ያመጣል አፍ ያደርቃል ውፍረትም አለው (ይሄን ማንም አልነገረኝም!) ግን ለኔ ሰራልኝ። በሁለት ሳምንት ለውጥ የለም ብለሽ እንዳትተዪው፣ መከላከያ ሁለት ሶስት ወር ይፈልጋል። ልጅ የመውለድ ሀሳብ ካለሽ ደሞ ቶፒራሜትና ቫልፕሮኤት (እሱም የሚጥል በሽታ መድሃኒት ነው) ፅንስ ስለሚጎዱ ቀድመሽ ተናገሪ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ አስሙን ሄጄ እነግረዋለሁ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን እወስዳለሁ እሱስ?

መልስ 1
ራስሽን ከማመሙ በፊት አይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ወይ ዚግዛግ መስመር የሚታይሽ ከሆነ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ያለበት ኪኒን አይመከርም፣ የስትሮክ አደጋ ይጨምራል። የኪኒኑን ፓኬት ይዘሽ ሂጂና አሳዪው።